ውሃ ዳር መዋል ለሚወድ ተማሪ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲመዘን

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ በምርጫ ቅጹ ላይ የሚደረድረው ዩኒቨርሲቲዎችን ነው። ትምህርት ክፍሉ የሚለየው ግቢ ከተገባ በኋላ፣ የፍሬሽማን ውጤት ታይቶ ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ለማይሆንለት ልጅ መጀመሪያ መታየት ያለበት በግቢው ዙሪያ ያለው መሬት ነው። በዚህ ሚዛን ባሕር ዳር ለውሃ ወዳድ አንደኛ ምርጫ ነው፤ ለተራራ ወዳድ ግን አይደለም። ተራራ የሚያምረው ጎንደርን ወይም የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ የሆነችውን ደባርቅን ያስቀድም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ዝርግ ከተማ ነው። ቤዛዊት ኮረብታ እይታው ቢያምርም ለጠንካራ እግረኛ ማሟሟቂያ ብቻ ነው። በብስክሌት ለሚሄድ ግን ይህ ዝርግነት በረከት ነው።

ግቢዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ፔዳና ፖሊ ከተማው ውስጥ ናቸው፤ የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጁ ያለበት ዘንዘልማ ከአባይ ማዶ በጎንደር መንገድ ነው። የዓሣና የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት የሚሰጠው እዚያ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከሁሉም የሚሻለው ዘንዘልማ ነው። ደግሞም የሚጠና ነገር ሞልቷል፦ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋውም በዚሁ ወቅት ነውና ጉዳቱ ብዙ ነው። ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጭ፣ የሚብሰው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። ትምህርት ክፍል ከመምረጥ በፊት የከፍተኛ ዓመት ተማሪዎችን ሦስት ነገር መጠየቅ ይጠቅማል፦ በሴሚስተር ስንት ቀን መስክ ይወጣል? መኪናና አበል ይቀርባል? ጀልባስ አለ? መልሱ “በወረቀት ላይ አለ” ከሆነ ሌላ ትምህርት ክፍል ማየት ነው። (“ልጄ ሐኪም ይሁንልኝ” የሚለው ቤተሰብም ቀድሞ ቢመከርበት ይሻላል።)

ሐይቁን በተመለከተ፦ ጣና ለዋና አይመከርም። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል አለበት። ትሉ ቀንድ አውጣ በሚኖርበት ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ዳርቻ ይበዛል፤ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣውም እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ቆዳ በስቶ ስለሚገባ ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም። ውሃ ውስጥ የገባ ተማሪ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይመርመር፤ ቶሎ የተደረገ ምርመራ ነፃ ነህ ብሎ ሊያሳስት ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ በታንኳ መጠጋት አይገባም።

ጀልባ በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል፤ ተንሳፋፊ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አለመሳፈር ነው። የዘጌ ልሳነ ምድር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በቡናው ጫካ ጥላ ለጥላ በእግር ይኬዳል። የደሴት ገዳሙ ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም፤ ጎረቤቱ እንጦስ ግን ያስገባል። ስደተኛ ወፎችን ለማየት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚበረታ ለዘንዘልማ ጭቃ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል። ከከተማ ለመውጣት የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ቀን ጠዋት ማጣራት ግድ ነው፤ የትናንቱ ወሬ ለዛሬ አይሆንም።