ለቻይናዊ ስጦታ የምታስጠቅሉ ካላችሁ፣ ይህችን ሱቅ እዩ

ከቻይናዎች ጋር የምትሠሩ ሰዎች፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለችውን ጠባቧን የስጦታ ሱቅ እወቋት። እኔ የገባሁት ለአንድ ቻይናዊ መሐንዲስ ሰርግ ቡናና ጀበና ላስጠቀልል ነው። ባለቤቷ መቀስ ከማንሳቷ በፊት "የኔ እህት፣ ለማን ነው? ለምን ጉዳይ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ይሄን የሚጠይቅ ሱቅ ብዙ የለም።

ብዙ ቦታ ሰርግ ከተባለ በነጭ ወረቀትና በነጭ ሪባን ሸብ አድርገው ይሰጧችኋል። በእኛ ነጭ የደስታ ነው። ቻይና ግን በባህሉ ነጭ የለቅሶ ቀለም ነው፤ ሐዘንተኛ ይለብሰዋል፣ ለቀብር የሚሰጥ ገንዘብም በነጭ ፖስታ ይሄዳል። ዛሬ ሙሽሮቹ ነጭ ቬሎ ቢለብሱም ስጦታውና ፖስታው ቀይ ነው። "ሆንግባዎ" የሚሉትን ቀይ ፖስታ እዚህ ታገኛላችሁ፣ ደግሞ ዝም ብላ አትሸጥም፣ የደስታ ፊደል ጎን ለጎን ሁለቴ የተጻፈበትን ለሰርግ፣ የመልካም ዕድሉን ለአዲስ ዓመት ለይታ ነው የምታወጣው። ብሩ አዲስ ይሁን፣ 4 አይኑርበት አለችኝ፤ በቻይንኛ አራት ሲባል ከሞት ጋር ይቀራረባል። 8 ግን ይወደዳል።

በጣም የወደድኩት የኮፍያውን ነገር ነው። በክረምት ለችግኝ ተከላ አረንጓዴ ኮፍያ አሳትማችሁ የምታድሉ መሥሪያ ቤቶች ስሙኝ! ቻይና ውስጥ አንድ ወንድ "አረንጓዴ ኮፍያ ደፋ" ከተባለ ሚስቱ ሌላ ሰው ይዛበታለች ማለት ነው። ሰውየው በጨዋነት ይቀበላችሁ ይሆናል፣ አናቱ ላይ ግን አያደርገውም። ሱቋ ለእንዲህ ያለው ትእዛዝ ሌላ ቀለም ታቀርባለች። ቲሸርቱ አረንጓዴ ቢሆን ችግር የለውም።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ባለቤቷ ወጣ ስትል ረዳቷ ልጅ የሙሽሮቹን ስም ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈው። የሰው ስም በቀይ ቀለም መጻፍ እነሱ ዘንድ ከሞት ጋር የተያያዘ ክፉ ነገር ነው። ስነግረው ያለ ክፍያ በወርቃማ ቀለም ደግሞ ጻፈልኝ፣ ግን እንደዚህ በሚያውቅ ሱቅ ረዳቱም መሠልጠን አለበት።

ዋጋው ከመርካቶ ይወደዳል፣ በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ፣ የሰርግ ወረፋ ነው።