ተክለ ሃይማኖት ጋ ያለችው ፔንሲዮን፦ ከአምስት ኮከብ አራት፣ አንዱ በጠያቂዎቹ ሄደ

ስሟን አልጽፍም፤ ከታች ልወቅሳት ስለሆነ። የሚፈልጋት ሰው ግን አያጣትም። ከጥቁር አንበሳ ወጥታችሁ ወደ ተክለ ሃይማኖት በእግር ስትሄዱ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ናት። ወረፋ ላይ ከተቀመጡት አስታማሚዎች አንዱን ጠይቁ። እኔም ያገኘኋት እንደዚያ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬን ከመርሐቤቴ ሳመጣት እኔ ጋ አርፋ የምትመላለስ መስሎኝ ነበር። የማኅፀን በር ካንሰር ነው ያሏት። የታዘዘላት በሳምንት 5 ቀን ጨረር፣ በጠቅላላው 25 ጊዜ፣ በዚያ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ኬሞ። ሁለት ቀን ሞከርን። በሁለተኛው ቀን ሚኒባስ ውስጥ አስመለሳት። ረዳቱ ፌስታል ሰጣት፣ ተሳፋሪው ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» አላት፣ እሷ ግን በጣም አፍራ እስከ ማታ ቃል አልተነፈሰችም። በማግስቱ ፔንሲዮኗ ገባን።

ሂሳቡን ላስቀድም። ሁለት አልጋ ላለው ክፍል በቀን 650 ብር ከፍለናል፤ ሰንበት ለሚል ይቀንሳሉ። ሙቅ ውሃ ጠዋት አለ፣ ማታ እንደ ዕድል። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። የጋራ ማድ ቤት አለ፤ የቁሌቱ ሽታ ደረጃውን ይዞ ባይወጣ ጥሩ ነገር ነበር። ኬሞ የወሰደ ሰው ቁሌት ሲሸተው ምን እንደሚሆን ያየ ያውቃል። ስለዚህ ክፍል ስትይዙ ከማድ ቤቱ የራቀውን ጠይቁ። ድምፅም አለ፦ ንጋት ላይ አዛን፣ ከዚያ ኪዳን፣ ጾም ስለነበረ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ፣ ሁሉም በድምፅ ማጉያ። በዐቢይ ጾም ከበሮ ስለማይመታ በጄ ብያለሁ። እማዬ ግን ከከተማው ሁሉ የወደደችው ይህንኑ ነው። ተኝታ ታስቀድሳለች።

ፔንሲዮኗን ከሌሎቹ የሚለያት ምድር ቤት ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ድሮ ዕቃ ቤት ነበረች አሉ። ባለቤቷ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ባዶ አድርገው ለጸሎት ሰጥተዋታል። በአንድ በኩል የእመቤታችን ሥዕል ከነመጋረጃው፣ በሌላው በኩል የተጠቀለሉ ሁለት ስጋጃዎችና ሙስሊሞቹ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የዉዱእ ጆግ። ጥግ ላይ በየሃይላንዱ የተሞላ ጸበል ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ወረቀት አለ፦ «ስልክ ዝጉ። ሌላው ሲጸልይ ጠብቁ። ጮክ አትበሉ፣ ላይ የተኛ አለ።» ሦስተኛው የተጨመረው በጴንጤዎቹ ልጆች ምክንያት ነው ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ልጆቹም አብረው ሳቁ። ሳቅ እዚያ ቤት ውድ ነው፣ ስለዚህ ቆጥሬዋለሁ።

የገባነው በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ያን ዓመት ሰኞ የካቲት 17 ዐቢይ ጾም ገባ፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ረመዳን ተከተለ። ይታያችሁ፣ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ እስላም የሆነ ቤት፣ ሁሉም ታማሚ፣ ሁሉም መጾም ይፈልጋል። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም አለች። ኬሞዋ ደግሞ ሲስፕላቲን የሚባለው ነው፤ ኩላሊት ስለሚጎዳ በደንብ መጠጣት አለባት። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። ምንም። «ስንት ዓመት የጾምኩትን ዛሬ በሽታ ፈርቼ ልተወው?» አለችኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም፤ ከአስረኛ ክፍል ወዲህ የጾምኩት ጾም የለም፣ በምን አፌ።

የፈታችው ነርሷ ናት። ክርክር ውስጥ አልገባችም። «የነፍስ አባትሽ ማን ናቸው? ስልካቸው አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት፣ በቃ። መርሐቤቴ ተደወለ። አባም አጥብቀው ገሠጿት፤ የታመመ ሰው ጾሙ በሽታው ነው፣ ውሃውንም ወተቱንም እንደ መድኃኒት ውሰጂ፣ ስትድኚ ትጾሚያለሽ አሏት። ያን ቀን እንቁላል በላች። እያለቀሰች ነው የበላችው፣ ግን በላች። አጠገባችን ያሉት የወሎዋ እናትም እንደዚያው ሆነው ነበር፤ ልጃቸው ከቁርኣን፣ ከሱረቱል በቀራ፣ የታመመ ሰው በሌላ ቀን ያካክስ የሚለውን አነበበላቸው። «አላህ የፈቀደውን አንተ አታጥብቅብኝ» አሉት ኋላ ላይ፣ ሾርባው ቀጠነብኝ ብለው ሲቆጡ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ፔንሲዮን ልገመግም ብዬ ነው ወይ? አዎ። ምክንያቱም ሌላ ቤት ብንይዝ እማዬ በሯን ዘግታ ብቻዋን ትጾም ነበር። እዚህ ግን የሚጾመውም የሚፈታውም በረንዳ ላይ አንድ ላይ ነው የሚቀመጠው። እትዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡና ያፈላሉ፣ ዋጋው ክፍያው ውስጥ ነው። የወሎዋ እናት በረመዳን አይጠጡም ነበር፣ ሕመሙ ሳይሆን ይሉኝታው ይዟቸው፤ ዱዓውን ግን እሳቸው ናቸው የሚያደርጉት። «አፊያውን ያምጣላችሁ፣ አብሽሩ» ሲሉ እማዬ በሁለት እጇ «አሜን» ትላለች።

አሁን ስለ መስቀሉ። ጨረር ከመጀመሩ በፊት ማሽኑ የሚያነጣጥርበትን ቦታ በቀለም ያሰምሩበታል። እማዬም ሆዷና ዳሌዋ ላይ ተደረገላት። ምልክቱ የመደመር ቅርፅ አለው። ወጥታ ምን አለችኝ? «የመስቀል ምልክት አደረጉልኝ።» ላርማት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ችግሩ የመጣው ቅዳሜ ነው። ጸበል ተጠምቃ፣ እምነቱን፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን አመድ፣ ሆዷ ላይ በደንብ አሽታ መጣች። ሰኞ ምልክቱ ደብዝዞ ተገኘ። እንደገና እስኪያሰምሩላት ጠበቅን። ባለሙያው አልተቆጣትም፣ ረጋ ብሎ አስረዳት፦ ጸበሉን ጠጪ፣ ግንባርሽን ተቀቢ፣ ጨረር በሚያርፍበት ቆዳ ላይ ግን አመድም ቅባትም አታድርጊ፣ ቆዳው ይላጣል፣ ምልክቱም ይጠፋል። ነርሷም ጨመረች፦ ኬሞ የወሰደ ሰው ሰውነቱ በሽታ የመከላከል አቅሙ ስለሚወርድ ግፊያ ውስጥ አይግባ፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል። ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረን፣ እናንተ ግን አሁን ሰማችሁ። እትዬ ደግሞ በማግስቱ የጸሎት ክፍሉ ወረቀት ላይ አራተኛ መስመር ጨመሩ፦ «የጨረር ምልክት አይታጠብ።» ለእኔ የቤቱ አምስት ኮከብ እዚህ ጋ ነው።

አንዱን ኮከብ ግን መልሼ ወስጃለሁ። በሩ ለጠያቂ ሁሉ ክፍት ነው። ለጸሎት መጣሁ ያለ ሰው ማን ጋ ነህ ሳይባል ደረጃውን ይወጣል። አንድ ከሰዓት ከመድኃኒት ቤት ስመለስ ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች እማዬ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ «ኬሞው ነው የሚገድልሽ፣ ጸበልና መድኃኒት አብሮ አይሄድም፣ ምረጪ» ትላታለች። ሁለተኛዋ የባሰ ነው የጠየቀቻት፦ «ንስሐ ያልገባሽበት ነገር አለ ወይ?» አስወጣኋቸው፤ እንዴት እንዳስወጣኋቸው አልናገርም። ከጎናችን ያለችውንም ልጅ አንድ ሰው እጁን ጭኖ ተፈውሰሻል ብሏት ሁለት ቀን ከሕክምና ቀርታለች። የወሎዋ እናት ጋም ሩቅያ፣ ለፈውስ የሚቀራ ቁርኣን፣ እቀራለሁ ብሎ ገንዘብ የጠየቀ መጥቶ ነበር። ስለዚህ የአንድ ሃይማኖት ነገር አይደለም። ለእትዬ ነገርኳቸው፣ «የእግዜር ሰው እንዴት ብዬ ልመልስ?» አሉኝ። ይመልሱ እንጂ። ቢያንስ ታማሚዋ ትጠየቅ፣ ትፈልጊያለሽ ወይ ትባል።

ያ የንስሐ ጥያቄ እማዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ለብዙ ሌሊት «በምን ኃጢአቴ ነው» ትላለች፣ የተኛሁ ሲመስላት። የማኅፀን በር መሆኑ ደግሞ ኀፍረቱን ጨመረባት፤ መርሐቤቴ ላሉት «የሆድ ሕመም ነው» ነው ያልነው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ ሲጽፍ አገኘሁት። በመከራ ጊዜ «እግዚአብሔር አብሮኝ ነው» እያለ በእምነቱ የሚበረታ አለ፣ «እየቀጣኝ ነው፣ ትቶኛል» እያለ በዚያው እምነት የሚደቅ አለ ይላል። አንዲት ሴትዮ በአንድ ጥያቄ እማዬን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ወሰደቻት።

ነርሷ ናት አሁንም። በሽታው ከቫይረስ ነው የሚመጣው፣ ኤችፒቪ ይባላል፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይይዘዋል አለቻት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለሴት ልጆች ክትባት እየተሰጠ መሆኑንም ነገረቻት። እማዬ አሰብ አደረገችና «ታዲያ ቁጣ ቢሆን በመርፌ ይከለከላል?» አለች። የእኔ እናት ናት ይህን ያለችው። ማታውኑ የልጅ ልጇ መከተቧን እንዳጣራ አዘዘችኝ።

ለአስታማሚዎች አንድ ነገር። ቤቱ ስለ እናንተም ያስባል፣ ግን በትንሹ። የአስታማሚ አልጋ ቀጭን ነው፣ ፍራሹ ወገብ ይጨርሳል፣ ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ በረንዳው የእኛ ነው። የወሎዋ እናት ልጅ፣ ቀን ቀን ቁርኣን የሚያነብላቸው፣ እዚያ ተቀምጦ «እኔ ግን ተቆጥቻለሁ፣ ለማን እንደምናገር ነው ያጣሁት» ብሎኛል። ቀን ላይ ለእናቱ እንዲህ አይልም። እኔም አንድ ሌሊት ወደ ዕቃ ቤቷ ወርጄ ቆምኩ። የምለው ጠፋኝ። አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ፣ መሃል ላይ ቃሉ ተምታታብኝ፣ ሳልጨርስ ወጣሁ። እትዬ ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ ምንም አልጠየቁኝም፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሰጡኝና ሄዱ።

25ኛው ቀን ላይ ባለሙያው «እማማ፣ አሁን መታጠብ ይችላሉ፣ ምልክቱ አያስፈልግም» አላት። እሺ አለች። አልታጠበችውም። በራሱ እስኪጠፋ ሆዷን በፎጣ ጥግ ጥጉን ስትጠራርግ ከረመች።

የክትትል ቀጠሮ አለን፣ እዚያው ነው የምናርፈው። ክፍል 7ን ነው የምይዘው፣ ከማድ ቤቱም ከደረጃውም ይርቃል፣ መስኮቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ቀድማችሁ ካልደወላችሁ አታገኙትም።