ዕቃን ከየአቅጣጫው መለየትን የሚያለማምድ የስልክ መተግበሪያ፦ ግምገማ

አንድን ወንበር ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ስናየው ዓይናችን ውስጥ የሚያርፈው ምስል በእጅጉ ቢለያይም፣ ያው ወንበር መሆኑን ለማወቅ እምብዛም አንቸገርም። አንጎል ይህን እንዴት እንደሚያከናውን በልምምድ ለማስረዳት የተዘጋጀውን መተግበሪያ እስከ መጨረሻው ሠርቼዋለሁ፤ ልምምዶቹ የሚመሰገኑ ሲሆኑ፣ አብሯቸው የሚቀርበው ማብራሪያ ግን በአንድ ዐቢይ ነጥብ ላይ ያሳስታል።

የመጀመሪያው ክፍል ሮጀር ሼፓርድና ዣክሊን ሜትዝለር እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ሙከራ ላይ ተመሥርቷል። ተጠቃሚው ከኩቦች የተሠሩ ሁለት ቅርጾችን አይቶ አንድ ዓይነት መሆናቸውን፣ ወይም አንዱ የሌላው የመስታወት ግልባጭ መሆኑን ይወስናል፤ የማዕዘኑ ልዩነት ወደ 180 ዲግሪ በቀረበ ቁጥር መልስ ለመስጠት የሚፈጀው ጊዜ በዚያው ልክ ይረዝማል። መተግበሪያው ዕቃን ሁሉ የምንለየው በዚሁ መንገድ፣ በሐሳብ እያዞርን ነው ይላል። ይህ ግን ከሙከራው አይከተልም፤ ግልባጭን ከዋናው ለመለየት ግራና ቀኙን ማመሳከር ግድ ሲሆን፣ ኩባያን ኩባያ ለማለት ግን እጀታው በየት በኩል እንዳለ ማወቅ አያስፈልግም።

እጅግ የወደድኩት የታጠፉ ሽቦዎችን የሚያሳየው ክፍል ነው። ሽቦውን ከአንድ ወገን ብቻ አጥንቶ የጨረሰ ሰው፣ ያው ሽቦ በሰፊው ዞሮ ሲቀርብለት እንደ እንግዳ ነገር ይመለከተዋል፤ ስለዚህ የማወቅ ችሎታችን ቀደም ሲል ባየናቸው አቅጣጫዎች ላይ ምን ያህል እንደሚመረኮዝ ያለ ብዙ ንግግር ይረዳዋል። ኒኮስ ሎጎቴቲስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሳሳይ ሽቦዎችን በለመዱ ዝንጀሮዎች አንጎል ውስጥ፣ በጆሮ አካባቢ በሚገኘው የአንጎል የጎን ክፍል ታችኛው ወገን (inferior temporal cortex)፣ ለአንድ የተለመደ እይታ አጥብቀው ምላሽ የሚሰጡና ሽቦው ከዚያ እይታ በራቀ ቁጥር ምላሻቸው የሚደክም የነርቭ ሴሎች አግኝተዋል፤ ከየትኛውም አቅጣጫ እኩል ምላሽ የሰጡት ጥቂቶች ነበሩ። ማብራሪያው ይህን ግኝት በጥንቃቄና በሚገባ ቋንቋ አቅርቦታል።

ኢርቪንግ ቢደርማን እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረበው፣ ዕቃን ጂዮን በተባሉ ቀላል ክፍሎቹና በአቀማመጣቸው እንለያለን የሚለው ሐሳብ ግን በአንድ ገጽ ታልፏል። ክፍሎቹ ጎልተው የሚታዩ ዕቃዎች ሽቦዎቹን ያህል የማያስቸግሩት ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሐሳብ በመሆኑ፣ ከሽቦው ክፍል ቀጥሎ የራሱ ልምምድ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ለሥነ ልቦና ጀማሪ ተማሪዎች መተግበሪያውን እመክራለሁ፤ ሆኖም በሽቦዎቹ ቢጀምሩና የኩቦቹን ልምምድ ያለ ማብራሪያው ቢሠሩት ይሻላል።