ስታክ ኦቨርፍሎው ለጀማሪ፦ መዝገቡ ሀብታም፣ በሩ ጠባብ

ፓይተን ወይም ጃቫስክሪፕት የጀመረ ሰው የኤረር መልእክቱን ጎግል ላይ ለጥፎ ሲፈልግ ከሚመጡለት ገጾች መካከል ስታክ ኦቨርፍሎው ሳይኖርበት አይቀርም። ጄፍ አትዉድና ጆኤል ስፖልስኪ እ.ኤ.አ. በ2008 የከፈቱት የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ነው። ነፃ ነው፤ ለማንበብ አካውንት እንኳ አይጠይቅም። ለማንበብ ከሆነ ሳታመነቱ ግቡበት። ለመጠየቅ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሳይዘጋጅ የሚገባ ጀማሪ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ጥያቄው ተጠልቶበትና ተዘግቶበት ሊወጣ ይችላል።

ይህ የሚሆነው መላሾቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም (ክፉም አይጠፋባቸውም)። ድረ ገጹ የተሠራው ነገ ተመሳሳይ ችግር ይዞ ለሚመጣ አንባቢ መዝገብ እንዲሆን ነው፤ የዛሬው ጠያቂ መረዳቱ በዚያው የሚገኝ ጥቅም ነው። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ አስጠኚ ያገኘ መስሎት "እባካችሁ አሳይንመንቴ እንቢ አለኝ፣ ማስረከቢያው ነገ ነው" ብሎ ይጽፋል። ማስረከቢያው ነገ መሆኑ እዚያ የማንም ጉዳይ አይደለም። ሰላምታና "በቅድሚያ አመሰግናለሁ" እንኳ በአራሚዎች ይወጣል። ለእኛ ሰው ነውር ይመስላል፣ እዚያ ግን ደንብ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ብስጭቱን ይቀንሳል። አዲስ አካውንት በ1 ነጥብ ይጀምራል። ጥያቄያችሁን ወይም መልሳችሁን ሰው ከወደደው 10 ነጥብ ታገኛላችሁ፣ ከጠላው 2 ይቀነሳል። በሌላ ሰው ጥያቄ ሥር አስተያየት ለመጻፍ ለዓመታት የቆየው መስፈርት 50 ነጥብ ነው፤ ጀማሪዎች "እኔም ይሄው ችግር አለብኝ" የሚለውን በመልስ ቦታ ጽፈው የሚጠፋባቸው ከዚህ የተነሳ ነው። ጥያቄ ለመዝጋት 3,000 ነጥብ የደረሱ የሦስት ሰዎች ድምፅ ይበቃል፤ በጥያቄው የፕሮግራም ቋንቋ የወርቅ ባጅ (ለብዙ ጥሩ መልስ የሚሰጥ ምልክት) ያለው ደግሞ "ከዚህ በፊት ተጠይቋል" ብሎ ብቻውን መዝጋት ይችላል። በዚህ ምክንያት የተዘጋ ጥያቄ ስድብ አይደለም፤ አናቱ ላይ የተለጠፈው ሊንክ ብዙውን ጊዜ መልሱ ራሱ ነው። ትልቁ ስህተት ተናዶ ጥያቄውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጠየቅ ነው። የጠፉና የተጠሉ ጥያቄዎች ሲጠራቀሙ ሲስተሙ በራሱ ከመጠየቅ ያግዳል። ከማጥፋት ይልቅ እዚያው አርሙት፤ የታረመ ጥያቄ እንደገና እንዲከፈት ለገምጋሚዎች ሊቀርብ ይችላል።

ጥሩ ጥያቄ ምን እንደሚመስል አማርኛ ፋይል የነካ ሰው ሁሉ በሚገጥመው ችግር እናሳይ። ተማሪው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ የተማሪዎች ስም በአማርኛ የተጻፈበት ፋይል አለው፣ ፓይተን ከፍቶ እንዲያነብለት ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ዩኒኮድ ዲኮድ ኤረር ብሎ ይቆማል። የተለመደው ጥያቄ "ፓይተን አማርኛ አያነብልኝም፣ እርዱኝ" የሚል ርዕስ ይዞ፣ ከሥሩ በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ይከተላል። ኮዱን ማንም ኮፒ ማድረግ አይችልም፤ ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ፣ የትኛው ፓይተን በየትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሆነ አይታወቅም። ይህ ጥያቄ ይዘጋል፤ ቢዘጋም ተገቢ ነው።

አሁን ኮዱን እናሳጥረው። መስኮቱን የሚሠራው ኮድ ይውጣ፣ ውጤት የሚደምረውም ይውጣ፣ ሉፑም ይውጣ። እያንዳንዱን ከቀነሳችሁ በኋላ ፕሮግራሙን አስኪዱትና ስህተቱ አሁንም እንዳለ አረጋግጡ። በመጨረሻ የሚቀሩት ሁለት መስመሮች ናቸው፦ ፋይሉን የሚከፍተውና ይዘቱን ፕሪንት የሚያደርገው። ቀጥሎ ዳታውን አሳጥሩ፤ የስም ዝርዝሩን ትታችሁ "ሰላም" የሚል አንድ ቃል ብቻ ያለበት ፋይል በዩቲኤፍ 8 (ፊደላትን በባይት የሚጽፍ የተለመደ ሥርዓት) ሴቭ አድርጉ። መደበኛው የእንግሊዝኛ ቅንብር ባለው ዊንዶውስ ላይ ኤረሩ አሁንም ይመጣል፤ 8ኛው ቦታ ላይ ያለውን 9ዲ የተባለ ባይት መተርጎም አልቻልኩም ይላል።

ይህ መልእክት አሁን ትርጉም አለው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር "ሰ" 0፣ 1 እና 2ን፣ "ላ" ከ3 እስከ 5 ያሉትን፣ "ም" ደግሞ 6፣ 7 እና 8ን ይዛለች። የተሰናከለው በ"ም" የመጨረሻ ባይት ላይ ነው። ፓይተን ምንም ካልተነገረው ዊንዶውስ ላይ የሚጠቀመው 1252 የተባለውን የድሮ የላቲን ሰንጠረዥ ነው፤ በዚያ ሰንጠረዥ የ9ዲ ቦታ ባዶ ነው። አሁን "ሰላም"ን አጥፉና "አበበ" ብላችሁ ጻፉ። ኤረር የለም! ግን የሚታየው ምልክት የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ዝባዝንኬ ነው፤ የ"አበበ" ባይቶች በሙሉ በሰንጠረዡ ውስጥ የየራሳቸው ቦታ ስላላቸው ፓይተን በስህተት አንብቦ አለፈ። ሁለት ምልክት፣ አንድ በሽታ። መድኃኒቱም አንድ ነው፦ ፋይሉን በሚከፍተው ኦፕን ውስጥ ኢንኮዲንጉ (ፊደሉ በባይት የተጻፈበት ሥርዓት) ዩቲኤፍ 8 መሆኑን መጻፍ።

ይኸው ኮድ ሊኑክስና ማክ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፣ እዚያ ዩቲኤፍ 8 የተለመደው ምርጫ ነውና። ስለዚህ ዊንዶውስ መሆኑን ካልጻፋችሁ፣ ሊኑክስ የሚጠቀም መላሽ ሞክሮት "እኔ ጋ ይሠራል" ብሎ ይሄዳል፤ ጥያቄውም "ስህተቱ ሊደገም አልቻለም" ተብሎ ይዘጋል። የፓይተን ቨርዥንም እንዲሁ አስፈላጊ ነው፤ ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ 8 በሁሉም ሲስተም መነሻ ምርጫ እንዲሆን ተወስኗል።

እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጠየቅ አያስፈልገውም። የኤረሩን የመጨረሻ መስመር ወስዶ፣ የራሱን የፋይል ስምና የፎልደር አድራሻ ቀንሶ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ቢፈልግ መልሱን ያገኘዋል። በድረ ገጹ ሰርች ላይ የቋንቋውን ስም በካሬ ቅንፍ ውስጥ ማስቀደም ውጤቱን ያጠራል። መልስ ስታነቡ ቀኑን እዩ። ፕሪንትን ያለ ቅንፍ የሚጽፍ ወይም ሮው ኢንፑት የሚል መልስ የፓይተን 2 ነው፤ የእሱ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 አብቅቷል። አረንጓዴ ምልክት ያለበት መልስም ጠያቂውን የረዳው እንጂ የግድ ከሁሉ የተሻለው አይደለም። አንዳንዴ ከሥሩ ያለው ይበልጠዋል።

መጠየቅ ግድ ከሆነ፦ ርዕሱ ስህተቱን ይናገር፣ ልመና አያስፈልግም። ኮዱን በጽሑፍ ለጥፉት፣ ምረጡትና ኮንትሮል ኬ ተጫኑ፤ ፓይተን ውስጥ የመስመር መግቢያ ክፍተት ትርጉም ስላለው፣ ያለ ኮድ ፎርማት ሲለጠፍ ክፍተቱ ጠፍቶ ሌላ ስህተት ይወልዳል። ኤረሩን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እንዳለ አስገቡ። ምን እንደጠበቃችሁና ምን እንዳገኛችሁ ለየብቻ ጻፉ። "አልሠራም" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ኢንፑት የተቀበለውን 5 እና 3 ሲደምር 8 ጠብቄ 53 ሰጠኝ ካላችሁ ግን፣ ቁጥሮቹ እንደ ጽሑፍ እንደተያዙና ኢንት (ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ፈንክሽን) ውስጥ መግባት እንዳለባቸው መላሹ ወዲያው ያውቃል። ታግ (ጥያቄው ስለምን እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት) ስትመርጡ ጃቫና ጃቫስክሪፕት ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች መሆናቸውን አትርሱ። ከለጠፋችሁ በኋላም ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ አትሂዱ፤ የማብራሪያ ጥያቄዎች የሚመጡት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው ስቴጂንግ ግራውንድ የተባለው ክፍል ለአዲሶች ትልቅ መሻሻል ነው። ጥያቄው በአደባባይ ከመውጣቱ በፊት ነባር ተጠቃሚዎች አይተው ምን እንደጎደለ ይናገራሉ፤ እዚያ እያለ የሚቀነስ ነጥብ የለም። ግብዣው ከመጣላችሁ ተቀበሉ።

የቋንቋው ጉዳይ ይቀራል። ከእንግሊዝኛው ሌላ የፖርቱጋልኛ፣ የስፓኒሽ፣ የሩሲያኛና የጃፓንኛ ገጾች አሉ፤ አማርኛ የለም። ሰዋስው ቢሳሳትም የሚያርም አለ፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ኮዱ በደንብ ካጠረ እንግሊዝኛው ብዙ ሸክም አይኖርበትም።

የቻት ጂፒቲ ዓይነት ረዳቶችስ? በአማርኛም ያስረዳሉ፣ አይሰለቹም፣ ለ53ቱ ዓይነት ችግር ከበቂ በላይ ናቸው። የሌለ ፈንክሽን ፈጥረው በሙሉ ልብ የመናገር አመል ግን አላቸው፤ ጀማሪ ደግሞ ይህን ለመለየት ገና ነው። ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ በእነሱ የተጻፈ መልስ መለጠፍ ከልክሏል። የሰጧችሁን ኮድ አስኪዳችሁ ሳታዩ አትመኑት።

"ፎር ሉፕ አልገባኝም"፣ "ከየት ልጀምር" ለሚሉ ሰፊ ጥያቄዎች ቦታው ሌላ ነው። የፍሪ ኮድ ካምፕ መድረክ በራሱ ትምህርት ላይ ለተጣበቀ ሰው ትዕግሥተኛ ነው፣ መልሱን ከመስጠት ይልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ሬዲት ላይ ለርን ፓይተን የተባለው ክፍል ለጀማሪ ተብሎ የተከፈተ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ለሚማሩና በአማርኛ መጠየቅ ለሚቀላቸው ደግሞ የቴሌግራም ግሩፖች አሉ። ፈጣን ናቸው፤ ችግራቸው ትናንት የተሰጠ መልስ ዛሬ በጨዋታው ሥር ተቀብሮ አለመገኘቱ ነው። ያገኛችሁትን መልስ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ አስቀምጡት። ኮድ ስትልኩ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ሦስት ሦስት ባክቲክ (ብዙ ኪቦርዶች ላይ ከቁጥር 1 በስተግራ ያለው ምልክት) አድርጉ፤ ኮዱ ተለይቶ ይታያል። በስልክ ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ የስልክ ኪቦርዶች ቀጥ ያለውን ትምህርተ ጥቅስ ወደ ጠመዝማዛ ይቀይሩትና ኮዱን ኮፒ ያደረገው ሰው እናንተ ጋ ያልነበረ ሲንታክስ ኤረር ይገጥመዋል።