ኢር ያሚም፣ ናታኒያ፦ አዲስ የባሕር ማማ ቤት ለተከራይ ያዋጣል?

በእስራኤሏ የባሕር ዳር ከተማ ናታኒያ ደቡብ ጫፍ፣ ኢር ያሚም የሚባለው ሰፈር ላይ የቆሙት ማማዎች ያማልላሉ። ሎቢው እብነ በረድ፣ በረንዳው መስታወት፣ ምዕራቡ በሙሉ ባሕር ነው። ብይኑን አስቀድመን እንናገር፦ ባለቤቱ ሲፈለግ የሚገኝ ከሆነና ቤቱ ቢያንስ አንድ ክረምት ካሳለፈ ያዋጣል። ቁልፉ ገና ትናንት ከኮንትራክተሩ ከወጣና ባለቤቱ ፈረንሳይ ከሆነ ግን ለሌላ ሰው ተዉት። የሁለተኛ ዓመት ቤት ከመጀመሪያ ዓመት ቤት ይሻላል፤ ፍንጣቂው፣ ፍሳሹ፣ የማይዘጋው በር የሚታወቀው ዝናብ ከመጣ በኋላ ነውና።

ማስታወቂያው ላይ «4 ክፍል» ሲባል ሳሎኑ ተቆጥሮ ነው። መኝታ ቤቱ 3 ሲሆን አንዱ ማማድ፣ ማለትም ከሮኬት የሚከልለው የአርማታ ክፍል ነው። ልጅ የበዛበት ቤተሰብ ይህን ሳያሰላ ይዋዋልና ቤቱ ይጠበዋል።

ኪራዩ ላይ የሚደመረው ሁለት ነው፦ አርኖና (የማዘጋጃ ቤት ግብር) እና የሕንጻው አስተዳደር ክፍያ። አርኖና በካሬ ሜትር ስለሚሰላ ሰፊ አዲስ ቤት ላይ ይከብዳል፤ የመጨረሻውን ደረሰኝ አሳዩኝ በሉ፣ በቃል ግምት አትመኑ። አዲስ ገቢ (ዖሌ) አገሩ ከገባ በመጀመሪያዎቹ 24 ወራት ውስጥ ለ12 ወራት፣ እስከ 100 ካሬ ሜትር ድረስ፣ እስከ 90 በመቶ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። አስተዳደሩ እዚህ ጎረቤት የሚሰበስበው ትንሽ መዋጮ አይደለም። ድርጅት ነው የሚይዘው፤ ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ ጥበቃ፣ ጂም፣ ካለም የመዋኛ ገንዳ ይከፈልበታል። የማትዋኙበትን ገንዳ ዓመቱን ሙሉ ትከፍላላችሁ። በኛ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚገባው ማማዱ፣ ሊፍቱና የመኪና ማቆሚያው ብቻ ነው።

ወደ ቤቱ እንግባ። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ጨውና አሸዋ ሁሉ ቦታ ይገባሉ፤ መጀመሪያ የሚጎዱት የአየር ማቀዝቀዣው የውጭ ክፍልና የማማዱ ብረት መስኮት ናቸው። የውጭውን ክፍል በልብስ ማስጫው በኩል ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎቹ ነጭ ዱቄት ከለበሱ ወይም ሲነኩ ከተፈረፈሩ ጨው በልቷቸዋል፣ በጋ ላይ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። የማማዱን ብረት መስኮት ከግድግዳው ውስጥ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ዝጉት። ሐዲዱ ላይ አሸዋ ካለ መሐል ላይ ይቆማል፤ ሳይረን ሲጮኽ ደግሞ ለመግፋት ጊዜ የለም። የከባዱን በር ጎማ ዙሪያውን በጣት ዳስሱ፣ እጀታውንም እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ሞክሩ።

ማማድ ሌላም ጣጣ አለው። ግድግዳው ወፍራም አርማታ ስለሆነ የስልክ ምልክትና ዋይፋይ በደንብ አያልፈውም፤ ራውተሩ ሳሎን ከሆነ ማማድ ውስጥ ሌላ ማሰራጫ ያስፈልጋል። በክረምት ግድግዳው ይቀዘቅዛል፤ ሰው ተኝቶ የተነፈሰው እርጥበት እዚያ ላይ ውሃ ይሆናል፤ አዲስ አርማታ ደግሞ የራሱን ውሃ ገና እያወጣ ነው። ቁም ሳጥኑ ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመ ከጀርባው ሻጋታ ይይዛል። ወደ 10 ሴንቲሜትር ማራቅ፣ በየጠዋቱ መስኮቱን መክፈት ይበቃል። ባለቤቱ ጥፋቱ የናንተ ነው እንዳይል ገና ስትገቡ ማዕዘኖቹን ፎቶ አንሱ።

ላይኛው ፎቅ ላይ ነፋሱ ያፏጫል። የበረንዳውን ተንሸራታች በር ወረቀት አስይዛችሁ ዝጉና ወረቀቱን ሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ ጎማው አይገጥምም፣ ዝናቡ ከነነፋሱ ይገባል። ሻወሩን 20 ደቂቃ ያህል ለቃችሁ ከውጭ ያለውን የግድግዳ ግርጌ እዩ። ሙቅ ውሃውስ? በረጅም ሕንጻ የጸሐይ ማሞቂያው ለሁሉም ፎቅ ላይደርስ ስለሚችል ቦይለሩ በኤሌክትሪክ ብቻ እንደሆነ ጠይቁ፤ የመብራት ሒሳቡን ይለውጠዋል። ሊፍቶቹንም ቁጠሩ፦ አንዱ ሻባት ላይ ቁልፍ ሳይነካ በራሱ በየፎቁ ሲቆም የቀሩት ስንት ናቸው?

ሕንጻው ቶፌስ 4 የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ሳያገኝ የሚገባበት ተከራይ እንዳትሆኑ። መደበኛ መብራትና ውሃ የሚገናኘው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውሉ። አዲስ ቤት ላይ ኮንትራክተሩ እንደ ጉድለቱ ዓይነት ለዓመታት የማደስ ግዴታ አለበት፤ ግዴታው ግን ለገዢው ነው፣ ለተከራይ አይደለም። ስለዚህ ውሉ ላይ «ተከራዩ በባለቤቱ ስም ለኮንትራክተሩ ማመልከት ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገቡ፤ አለዚያ ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ ባለቤቱን ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ደግሞ ስልክ አያነሳም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ያለው የኪራይ ሕግ አስቸኳይ ጉድለት ባለቤቱ ከተነገረው በ3 ቀን፣ ሌላው በ30 ቀን እንዲጠገን ያዛል። ጥሬ ገንዘብ ወይም የባንክ ዋስትናም ከ3 ወር ኪራይ ወይም ከጠቅላላው ውል ኪራይ አንድ ሦስተኛ፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም። የሕንጻውን ኢንሹራንስና ባለቤቱ ያመጣውን ደላላ ክፍያ እናንተ ላይ መጫን አይቻልም። ይህ ጥበቃ ግን ወርሃዊ ኪራዩ ከ20,000 ሸቀል በላይ ለሆነ ቤት አይሠራም፤ ጣሪያ ፎቅ የሚያማትሩ ይወቁት።

አንዳንድ ባለቤት ቤቱን ለፋሲካና ለነሐሴ ዕረፍት ይፈልገዋል። «ለጥቂት ቀናት ትለቁልናላችሁ» የሚል አንቀጽ ካለ አሰርዙት። ውሉን ለሁለተኛ ዓመት የማራዘም ምርጫ ካለም ኪራዩ ምን ያህል እንደሚጨምር በቁጥር ይጻፍ፣ ከማዳድ (የዋጋ ንረት መለኪያው) ጋር የተያያዘ እንደሆነም ይታወቅ።

መጓጓዣ? የሳፒር ባቡር ጣቢያ ከአውራ ጎዳና 2 ማዶ ነው፣ ሻባት አይሠራም፤ መንገዱ ጠዋት ወደ ቴል አቪቭ ይጨናነቃል። ሁለት መኪና ያለው ቤተሰብ ሁለተኛው ማቆሚያ በውሉ ውስጥ በቁጥሩ መጻፉን ይይ።

ቁልፍ ስትረከቡ የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ከቀኑ ጋር ፎቶ አንሱ፣ አርኖናውንም በዚያው ሳምንት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ወደ ስማችሁ አዙሩ።