ለምጣድ ጠጋኙ ጋሼ ምስጋና፣ ለተተኪያቸውም ጥቆማ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጠግኑ የኖሩት የሥራ ባልደረባችን ጋሼ ካረፉ ዛሬ 40 ቀናቸው ነው። ነፍሳቸውን ይማር። አብረናቸው ለሠራን ሁሉ የእጃቸውን ሙያ መመስከር ዕዳችን ነው፤ ያስተማሩት ልጅ እዚያው ቦታ ሥራውን ስለቀጠለ ጥቆማም ይሁንልን።

ጋሼ ከሌላው የሚለዩት በተበጠሰ ሽቦ ነበር። ብዙ ሠራተኛ የተቃጠለውን ቆርጦ ቀሪውን ጠምዝዞ ያገናኛል፤ ምጣዱም በዚያው ቀን ይጋግራል። ነገር ግን በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚሠራ ምጣድ የሽቦው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመገደብ አቅሙ) በቴስተር ሲለካ 14 ኦም ገደማ ነው፤ 16 አምፔር ይስባል። አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ ወደ 12.6 ኦም ወርዶ 17.5 አምፔር መሳብ ይጀምራል። ሽቦው ከልኩ በላይ ይግላል፤ የተጠመዘዘው ቦታ ደግሞ ከሁሉ ብሶ ይግልና እዚያው ላይ ተመልሶ ይበጠሳል። ጋሼ ስለዚህ አይቀጥሉም፤ ሙሉውን ይቀይራሉ እንጂ።

አዲሱን ሽቦ ሲዘረጉ ማየት ደስ ይል ነበር። ጥቅልሉ በሸክላው ቦይ ውስጥ እኩል ካልሳሳ፣ የተጠጋጋበት ቦታ እንጀራውን ያሳርራል፤ የሳሳበት ዓይን አያወጣም። እሳቸው የቦዩን ርዝመት በሲባጎ ለክተው፣ ሽቦውን ውጭ በዚያው ልክ ስበው ነበር የሚያስገቡት። ጠርዙ ግን ሙቀት ቶሎ ስለሚያጣ እዚያ ጥቅልሉን ጠጋ ጠጋ ያደርጉታል። ከገመዱ ጋር የሚገናኙትን ጫፎች እጥፍ አድርገው በቡሎን ያጠብቃሉ፤ እጥፉ ጫፍ እንደ ሌላው ስለማይግል ማሰሪያው ቶሎ አይቃጠልም። የምድር ሽቦው ከቆርቆሮው ጋር ሳይታሰር ምጣድ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

ቦዩ በጀሶ ከተደፈነ በኋላ አትቸኩሉ። ሳይደርቅ መብራት ከተሰጠው እንፋሎቱ ሸክላውን ይሰነጥቃል፤ እርጥበቱም ይነዝራል። ለቀናት ጥላ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ እንፋሎት መውጣቱን እስኪያቆም ለጥቂት ደቂቃ እየተሰካ እየተነቀለ ይሞቃል። ሸክላው አዲስ ከሆነ በጎመን ዘር በደንብ ይሟሽ፤ አለበለዚያ እንጀራው ይይዛል። የጋለ ምጣድ በእርጥብ ጨርቅ አይነካም።

ጥፋቱ ከቤቱ መስመር የሚሆንበትም ጊዜ ብዙ ነው። ገመዱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያልቀጠነ መዳብ፣ ብሬከሩም 20 አምፔር ይሁን። የላላ ሶኬት ስፒናውን ያቀልጠዋል፤ ምጣድ በማከፋፈያ አይሰካም።

ልጁ ይህን ሁሉ ከጋሼ እጅ ተምሯል፤ ሽቦ ሲቀይር አጠገቡ ቆመን አይተነዋልና በሙሉ ልብ እንጠቁማችኋለን። ስትሄዱ እንጀራው የሚያርበትን ቦታ ምጣዱ ላይ በከሰል ምልክት አድርጉበት። ጋሼ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነበር፤ ልጁም ይጠይቃችኋል።