«ናኖ ካርቦን» የተባለው የቤት ውሃ ማጣሪያ፦ አራት ወር ተጠቅሜበት በመጋዝ ቆረጥኩት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ውሃውን ያጣፍጣል፣ የክሎሪን ሽታውን ድራሹን ያጠፋል፣ ዋጋው ግን ለሚሠራው ሥራ በጣም ውድ ነው። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። አንዱ ኮከብ ደግሞ የዕቃው ሳይሆን የገጠመልኝ ልጅ ነው፤ እስከዛሬ አንድ ጠብታ ውሃ እንኳ አላፈሰሰም።

የገዛሁት እዚሁ አዲስ አበባ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው፣ ስሙ ይቅር። 9,500 ብር። ኬሚስትሪ የተማርኩ ሰው ሆኜ እንዴት እንደተሸወድኩ ስነግራችሁ አትሳቁብኝ። ሻጩ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ደረደረ። አንዱ የቧንቧ ነው፣ አንዱ «የተጣራ» ነው አለ። ከሶኬት ጋር የተያያዙ የብረት ዘንጎች ሁለቱም ውስጥ ነከረ። ትንሽ ሳይቆይ የቧንቧው ውሃ መጀመሪያ አረንጓዴ ቢጤ ሆነ፣ ከዚያ ቡኒ፣ ከዚያ እንደ ጠላ አተላ ደፈረሰና ላዩ ላይ ቆሻሻ ተንሳፈፈ። ሌላኛው ጥርት እንዳለ ነው። «አየህ ወንድሜ፣ ልጆችህን የምታጠጣቸው ይሄንን ነው» አለኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማለች። ከዚህ በኋላ ኬሚስትሪ ምን ዋጋ አለው?

ቤት ስገባ ግን አላስቻለኝም። ሁለት ሚስማርና አንድ የ9 ቮልት ባትሪ ፈልጌ፣ ከዚያው ከአዲሱ ማጣሪያ የወጣ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ሳየው፣ ቡኒ! ለካ የሚያቀልመው የውሃው ቆሻሻ ሳይሆን የብረቱ ዝገት ነው። ኤሌክትሪኩ ብረቱን እያሟሟ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ውሃው የሟሟ ጨው ካለው ይፈጥናል፣ ጨው ከሌለው ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ጥርት እንዳለ ይቀራል። የታሸገ ሚኒራል ውሃም ቢሆን አይተርፍም። ታዲያ የሻጩ ሁለተኛ ብርጭቆ ውስጥ የነበረው ውሃ ከየት እንደመጣ እናንተው ገምቱት፤ ከዚህ ማጣሪያ እንዳልሆነ ግን በሚስማር አረጋግጫለሁ። የቲዲኤስ መለኪያም (ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨውና ማዕድን መጠን የሚለካ ዕቃ) ከጓደኛዬ ተውሼ ለካሁ። ሲገባ 212፣ ሲወጣ 209። ካርቦን የሟሟ ጨው አያወጣም፣ ሥራውም አይደለም። እሱን የሚያወጣው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ነው።

እንግዲህ ጥሩ ጎኑን ልንገራችሁ። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሮቶ ውስጥ ይቀመጣል። አንዳንድ ቀን ክሎሪኑ ሻይ እንኳ ያስጠላል። ማጣሪያው ከተገጠመ ጀምሮ ያ ሽታ የለም። ቡናው ሳይቀር ለውጥ አለው፤ እናቴ ምንም ሳልነግራት «ዛሬ ቡናውን ከየት ገዛችሁት?» ብላለች። የገረመኝ ነገር፣ ካርቦን ክሎሪንን እንደ ስፖንጅ ይዞ አያስቀረውም፤ ገጹ ላይ ወደ ክሎራይድ ይለውጠዋል፣ የገበታ ጨው ውስጥ ወዳለው ዓይነት ማለት ነው። ይሄ ግን ተራ ካርቦን ሁሉ የሚሠራው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ናኖው። ሳጥኑ ላይ «የካርቦን ናኖቲዩብ ካታሊስት፣ ብክለትን ይሰባብራል» ይላል። ካታሊስት ማለት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው፤ ናኖቲዩቡን ከታች እመጣበታለሁ። በአራተኛው ወር የውሃው ግፊት ሲቀንስ ካርትሪጁን፣ ማለትም ውስጡ ያለውን የሚቀየር ማጣሪያ፣ አወጣሁና በብረት መጋዝ ለሁለት ቆረጥኩት። ውስጡ ምን አለ? ከላይ ነጭ የፕላስቲክ ክር መሰል ነገር፣ ጭቃ ይዞ ቢጫ የሆነ። ከሥሩ ጥቁር ጥራጥሬ፣ ጀበና ሥር የሚቀረውን አምቡላ የሚመስል። በቃ ይኸው ነው። አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት ቀዳዳ በቀዳዳ የተደረገ ከሰል። አንድ ግራሙ ሲዘረጋ ብዙውን ጊዜ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ ስላለው፣ ሽታና አንዳንድ ኬሚካል ያዝ አድርጎ ያስቀራል። አሪፍ ነገር ነው፣ አልንቀውም። ግን ናኖቲዩብ አይደለም። ናኖቲዩብ በዓይን የሚለይ ነገር ስላልሆነ «ከጥራጥሬው ጋር ተደባልቆ ይሆናል» የሚል ይኖራል። ሱቁ ደውዬ መጠኑን ጠየቅኩ። «የፋብሪካ ሚስጥር ነው» ተባልኩ።

እውነተኛው ናኖቲዩብ ምንድነው ካላችሁ፣ ካርቦን እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ የሠራው ቱቦ ነው፣ ከፀጉር በሺህ የሚቆጠር እጥፍ የሚቀጥን። ዓለም ትኩር ብሎ ያየው ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ከጻፈበት ወዲህ ነው። ለውሃ ሲውል የሚገርም ነገር ይሠራል። ፐርሰልፌት የሚባል ኬሚካል ይጨመራል፣ እንደ ፌኖል (ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣ መርዛማ ኬሚካል) ያለው ብክለት ደግሞ ቱቦው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ቱቦው እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሆኖ ከብክለቱ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ለፐርሰልፌቱ ያቀብላል፤ ብክለቱ ይፈርሳል። ከሰሉ ይዞ ያስቀራል፣ ይሄኛው ያፈርሳል፤ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ፐርሰልፌቱ ከሌለ ካታሊስቱ የሚቀሰቅሰው ነገር የለም። እኔ ኩሽና ውስጥ ደግሞ ፐርሰልፌት የሚጨምር ማንም የለም! ቱቦው ራሱም ሲደጋገም ይደክማል፣ ብዙ ጊዜ በሙቀት መታደስ አለበት። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቀለም ፍሳሽ ይታሰብበት እንደሆነ እንጂ ለሻይ ውሃ አይደለም።

ደግሞም ናኖቲዩቡ እውነት ቢኖርበትስ ደስ ይለኝ ነበር? እንጃ። ከናኖቲዩብ ዓይነቶች አንዱን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ተርታ መድቦታል። ስጋቱ በትንፋሽ ስለሚገባው እንጂ ስለሚጠጣው አይደለም፤ ቢሆንም ቱቦው ከካርትሪጁ እንዳይወጣ ምን እንደያዘው የማይነግረኝን ዕቃ ልጆቼ ባይጠጡበት እመርጣለሁ።

ለገዛችሁት ሁለት ነገር ልበል። ካርትሪጁ መደበኛው ባለ10 ኢንች ነው። ሱቁ መቀየሪያውን 2,800 ብር ይለዋል፣ እኔ መርካቶ ገብቼ ተራውን በ950 ገዝቼ ልክክ ብሎ ገጥሟል፣ ቡናውም ያው ነው። ሌላው፣ ክሎሪኑ ከወጣ በኋላ ውሃውን ከጀርም የሚጠብቀው የለም። የተጣራውን ጀሪካን ሞልታችሁ ለቀናት አታስቀምጡ፣ ለሕፃን ከሆነ አፍሉት። ካርቦን ባክቴሪያ አይገድልም፣ እንዲያውም ሳይቀየር ከቆየ ውስጡ ይራባል።

የዝዋይ አክስቴ ማጣሪያውን አይታ «አንተ ልጅ፣ ለእኔም ግዛልኝ እንጂ፣ የልጆቹ ጥርስ አለቀ» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው በጣም የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ሻጩ «ፍሎራይድም ያወጣል» ብሎኝ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ፍሎራይድ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ያልፋል፤ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስ አጥንት ያጣምማል። ተራ ካርቦን ለዚህ ፋይዳ የለውም። የሚይዘው የተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ነው፤ ኬንያ ናኩሩ ላይ ለዓመታት ተሠርቶበታል። አክስቴ ሰፈር ግን የሚሸጥ አላገኘሁም። ስለዚህ ማጣሪያውን አልገዛሁላትም። በዚያው ብር ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አሸንዳና ሮቶ ልንገጥምላት ተስማምተናል፤ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ክረምቱ ሳይገባ መድረስ አለብን።